የሲፒኤም ፕሮግራሞችን በዶስና በዛሬ ኮምፒውተር ላይ ማስኬድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሲፒኤም እና ዶስ የድሮ ኮምፒውተሮች ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ናቸው፤ ሲፒኤም ቀዳሚው ነው። አድራሻና የባይት ዋጋ በአስርዮሽ ቁጥር ተጽፈዋል፤ ዓመቶቹ የፈረንጆች ናቸው። የትእዛዝና የፕሮግራም ስሞች እንደሚነበቡ ሰፍረዋል፤ ኪቦርዱ ላይ የሚተየቡት በላቲን ፊደል ነው።

የሲፒኤሙ ፋይል ቅጥያ "ኮም" ነው፣ ዶስም "ኮም" ያስኬዳል። ታዲያ ለምን አይሠራም?

ስማቸው አንድ ስለሆነ ብቻ ነው የሚያሳስቱት። የሲፒኤም ኮም ፋይል የተጻፈው ለኢንቴል 8080 ወይም ለዛይሎግ ዜድ80 ፕሮሰሰር ነው፤ የዶሱ ደግሞ ለ8086 እና ለ8088። ኮም ፋይል "እኔ የእገሌ ነኝ" የሚል ራስጌ የለውም። ሁለቱም ሲስተሞች ፋይሉን እንዳለ አንስተው አድራሻ 256 ላይ ያስቀምጡትና ከመጀመሪያው ባይት ማስኬድ ይጀምራሉ። ፕሮሰሰሩ ያገኘውን ባይት በራሱ ቋንቋ ይተረጉመዋል፤ የሚሆነውም በዚያ ባይት ላይ የተመካ ነው።

ብዙ የሲፒኤም ፕሮግራሞች በ195 ይጀምራሉ። ለ8080 ይህ "ቀጥሎ ወዳለው አድራሻ ዝለል" ማለት ነው። ለ8088 ግን "ተመለስ" ማለት ነው። ዶስ ፕሮግራም ከማስጀመሩ በፊት ስታኩ (የመመለሻ አድራሻ የሚቀመጥበት የሜሞሪ ክፍል) ላይ ዜሮ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ፕሮሰሰሩ የሚመለሰው ወደ አድራሻ 0 ነው። እዚያ ደግሞ ዶስ ራሱ ያስቀመጣቸው 205 እና 32 አሉ፣ ትርጉማቸውም "ፕሮግራሙ አብቅቷል" ነው። ውጤቱ፦ ስሙን ተይበው ኢንተር ይጫናሉ፣ ምንም መልእክት ሳይወጣ መጠየቂያው ተመልሶ ይመጣል። ፋይሉ የተበላሸ መስሏቸው ደጋግመው የሚያወርዱ ብዙዎች ናቸው። ፋይሉ ደህና ነው።

በ49 የሚጀምር ከሆነ ግን እንዲህ በሰላም አያልፍም። 8080 በዚህ ባይት የስታክ አድራሻ ያስተካክላል፤ 8088 ግን ባይቱን ከቀጣዩ ጋር አጣምሮ የኤክስኦር ስሌት አድርጎ ያነበውና ትርጉም የለሽ ኮድ ማስኬዱን ይቀጥላል። ብዙ ጊዜ ማሽኑ ይደርቃል፣ መፍትሔውም አጥፍቶ ማብራት ነው።

በተቃራኒው የዶስ ኮም ፋይሎች በአብዛኛው በ233 ወይም በ235 ይጀምራሉ። ምንጩ ያልታወቀ ፋይል ሲያጋጥምዎ የመጀመሪያዋን ባይት በሄክስ ማሳያ (የፋይልን ባይቶች በቁጥር በሚያሳይ ፕሮግራም) ማየት ግማሽ መልስ ነው። ሙሉ ማረጋገጫ ግን አይደለም፤ በሌላ ባይት የሚጀምሩም አሉ።

ሁለቱ ሲስተሞች ይህን ያህል የተመሳሰሉት በአጋጣሚ ነው?

አይደለም። ጋሪ ኪልዳል ሲፒኤምን በ1974 ሠርቶ በዲጂታል ሪሰርች በኩል ሲያሰራጨው በ8080 ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ ለእሱ ይጽፍ ጀመር። በ1980 ቲም ፓተርሰን በሲያትል ኮምፒውተር ፕሮዳክትስ ውስጥ 86-ዶስን ሲጽፍ (በኋላ ኤምኤስ-ዶስ የሆነው እሱ ነው) ዓላማው የሲፒኤም ፕሮግራሞች ምንጭ ኮድ በመቀየሪያ ፕሮግራም ተቀይሮ በ8086 ላይ እንዲሠራ ማድረግ ነበር።

ስለዚህ ከፕሮግራሙ በታች ያሉት 256 ባይቶች በሁለቱም ቤት ተመሳሳይ አደረጃጀት አላቸው። አድራሻ 0 የመውጫ በር ነው። አድራሻ 5 ሲስተሙን የመጥሪያ በር ነው። በትእዛዝ መስመሩ ላይ የተጻፈው የመጀመሪያ ፋይል ስም 92 ላይ፣ ሁለተኛው 108 ላይ፣ ከፕሮግራሙ ስም በኋላ የተጻፈው የትእዛዝ ጽሑፍ ሁሉ 128 ላይ ይገኛል። ዶስ በአድራሻ 5 በኩል ከ0 እስከ 36 ያሉትን የአገልግሎት ቁጥሮች ይቀበላል፣ አብዛኞቹም ከሲፒኤሙ ጋር አንድ ሥራ ይሠራሉ። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን ኮዱን ቀይሮ እንደገና ለሚያሰናዳ ፕሮግራመር ነው። የተዘጋጀውን ፋይል እንዳለ ለሚያስኬድ ሰው ፕሮሰሰሩን የሚተካለት ነገር፣ ለምሳሌ ኢሙሌተር (ሌላ ማሽንን በሶፍትዌር የሚያስመስል ፕሮግራም)፣ ያስፈልገዋል።

የትኛውን መንገድ ልምረጥ?

እጅዎ ላይ ባለው ማሽን ይወሰናል።

ዛሬ የምንጠቀምበት ዊንዶውስ፣ ሊኑክስ ወይም ማክ ከሆነ፣ ፕሮግራሙን ብቻ ማስኬድ ለሚፈልግ ሰው ረንሲፒኤም የሚባለው ኢሙሌተር ይበቃል። ተራ ፎልደሮችን እንደ ዲስክ ስለሚያያቸው ፋይል ማስገባትና ማውጣት መገልበጥ ብቻ ነው። ሙሉ ማሽን ከእነ ዲስኩና ከእነ ባዮሱ (ሲስተሙን ከሃርድዌሩ ጋር የሚያገናኘው ክፍል) ለሚፈልግ ደግሞ የሲምኤች አልቴር ዜድ80 አለ። ይህኛው የዲስክ ምስል ፋይል ይጠይቃል፣ ለመልመድም ትንሽ ጊዜ ይወስዳል።

እውነተኛ የዶስ ማሽን ካለዎት 22ናይስ የሚባለው የሳይዴክስ ፕሮግራም ለዚሁ የተሠራ ነው፤ የሲፒኤሙን ፕሮግራም የዶስ ማስነሻ አያይዞ ከዶስ መጠየቂያ በስሙ ብቻ እንዲጠራ ያደርገዋል። ዜድ80ኤምዩም በዚያው ዘመን የተጻፈ ነው፣ የዶስ ፋይሎችንም በቀጥታ ያነባል። ሁለቱም ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞች ስለሆኑ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ አይቀበላቸውም። ዶስቦክስ ውስጥ ግን ማስነሳት ይቻላል። ያኔ በኢሙሌተር ውስጥ ሌላ ኢሙሌተር እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ለመዝናናት ጥሩ ነው፣ ለሥራ ግን ረንሲፒኤም ይቀላል።

በረንሲፒኤም እንዴት ልጀምር?

ፕሮግራሙ ያለበት ፎልደር ውስጥ በመጀመሪያው የላቲን ፊደል "ኤ" የተሰየመ ፎልደር ይፍጠሩ። በእሱ ውስጥ ደግሞ "0" የሚባል ፎልደር ይፍጠሩ። የመጀመሪያው ድራይቩ ነው፣ ሁለተኛው የተጠቃሚ ቁጥሩ። የሲፒኤም ፋይሎችዎን 0 ውስጥ ያስገቡ፣ ረንሲፒኤምን ያስነሱ፣ መጠየቂያው ሲመጣ "ዲር" ብለው ይዘርዝሩ፣ ከዚያ የፕሮግራሙን ስም ያለ ቅጥያው ይተይቡ።

ሰው የሚሰናከለው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ሊኑክስ ላይ የፎልደርና የፋይል ስም በትልቁ የላቲን ፊደል ካልተጻፈ ዲር ላይ አይታይም፤ ስሙም ከ8 ፊደል፣ ቅጥያው ከ3 ፊደል መብለጥ የለበትም። ሁለተኛው የትእዛዝ ተቀባዩ ፋይል ጉዳይ ነው። አንዳንዱ የረንሲፒኤም ግንባታ የዲጂታል ሪሰርችን ትእዛዝ ተቀባይ ከውጭ ያነባል፤ ያ ፋይል ከዋናው ፕሮግራም ጎን ካልተቀመጠ መጫን አልቻልኩም ብሎ ገና ሲነሳ ይቆማል። ፋይሉ አብሮ የሚወርደው ጥቅል ውስጥ አለ።

ቪ20 ፕሮሰሰር ቢገባበት ኢሙሌተር አያስፈልግም ይባላል። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። የኤንኢሲ ቪ20 ባለ 40 እግር ቺፕ ሲሆን 8088 በተነቀለበት ሶኬት ልክ ይገባል፤ ቪ30 ደግሞ በ8086 ቦታ። ሁለቱም ከራሳቸው ሥራ ሌላ የ8080ን ትእዛዞች በሃርድዌር የሚያስኬድ ሞድ አላቸው። አንድ ትእዛዝ ወደዚያ ሞድ ያስገባል፣ ሌላው ወደ ዶስ አገልግሎት ለአፍታ ያወጣል፣ ሦስተኛው ጨርሶ ይመልሳል።

ቺፑ የሚተካው ግን ፕሮሰሰሩን ብቻ ነው። ፕሮግራሙ በአድራሻ 5 "ፋይል ክፈትልኝ" ብሎ ሲጠራ የሚመልስለት አካል ያስፈልጋል፣ ያንን የሚሠራው ሶፍትዌር ነው። ስለዚህ ቪ20 ቢኖርም እንደ 22ናይስ ያለ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ የማያስፈልገው የትእዛዝ በትእዛዝ ትርጉሙ ነው። ባለ 4.77 ሜጋኸርዝ ማሽን ላይ ግን ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም በሶፍትዌር ሲተረጎም እያንዳንዱ የ8080 ትእዛዝ በርካታ የ8088 ትእዛዞችን ይበላል።

ሲቀይሩ ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉ፣ እጅዎን ብረት አስነክተው ስታቲክ ያስወግዱ፣ አሮጌውን ቺፕ ከሁለቱም ጫፍ እያፈራረቁ በትንሽ በትንሹ ያንሱት። አዲሱን ሲያስገቡ በአንድ ጫፍ ያለው ግማሽ ክብ ጎድጓዳ ምልክት ከሶኬቱ ምልክት ጋር በአንድ አቅጣጫ መሆን አለበት፤ ተገልብጦ ገብቶ መብራት ካገኘ ቺፑ ይቃጠላል። ፕሮሰሰሩ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ከሆነ ወይም ማሽኑ 286 ከሆነ ይህን መንገድ ይተዉት። ቪ33ም አይሆንም፤ የ8080 ሞድ የለውም።

በቪ20 ላይ ዎርድስታር ሠራ፣ ተርቦ ፓስካል ግን ወደቀ። ለምን?

ዎርድስታር (የጽሑፍ ማዘጋጃ)፣ ዲቤዝ 2 (የመረጃ ቋት) እና ኤምቤዚክ (የቤዚክ ቋንቋ) በ8080 ቋንቋ የተወሰኑ ናቸው። ለሲፒኤም የወጣው ተርቦ ፓስካል (በፓስካል ቋንቋ ፕሮግራም መጻፊያ) ግን ዜድ80 ይፈልጋል። ዜድ80 የ8080ን ትእዛዞች ሁሉ ያውቃል፣ የራሱን ደግሞ ይጨምራል፤ ቪ20 የሚያውቀው የ8080ዎቹን ብቻ ነው።

የዜድ80 ጭማሪዎች ብዙዎቹ በ203፣ በ221፣ በ237 ወይም በ253 ይጀምራሉ። ለምሳሌ 237 እና 176 ተከታትለው ሲመጡ ለዜድ80 "ይህን የሜሞሪ ክፍል ሙሉውን ወደዚያ ቅዳ" ማለት ነው። 237 በቪ20 ላይ ደግሞ ከ8080 ሞድ ለመውጣት የተያዘ ቁጥር ነው፤ ቀጥሎት 237 ወይም 253 ከመጣ ወደ ዶስ በኩል መሻገሪያ ይሆናል። ፕሮግራሙ ስህተት ሳይናገር የሚጠፋው በእንዲህ ያለው ቦታ ነው።

ጠንቃቃ ፕሮግራሞች ሲነሱ ፕሮሰሰሩን ይፈትኑታል። አንድን ቁጥር ከራሱ ቀንሰው ፓሪቲ የሚባለውን ምልክት ያያሉ፤ 8080 ላይ ይበራል፣ ዜድ80 ላይ ይጠፋል። ይህን የሚያደርጉት ቢያንስ ዜድ80 እንደሚያስፈልግ ተናግረው ይወጣሉ። ኢሙሌተርዎ 8080 ወይም ዜድ80 ምረጥ ካለ ዜድ80ን ይምረጡ፤ ለ8080 ፕሮግራሞችም ከሞላ ጎደል ጉዳት የለውም።

ፕሮግራሙ ተነሳ፣ ግን ስክሪኑ ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ይዘበራረቃል።

ከሁሉ ጥያቄ በላይ የሚደጋገመው ይሄ ነው። ሲፒኤም ስክሪን አያውቅም። የሚያውቀው ባይት ወደ ተርሚናል (ስክሪንና ኪቦርድ ያለው መገናኛ) መላክ ብቻ ነው። ጠቋሚውን ማንቀሳቀስ፣ ስክሪን ማጽዳት፣ ፊደል ማድመቅ በየተርሚናሉ ይለያያል፤ ፕሮግራሙም የትኛው ተርሚናል እንደሆነ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

አንድ ምሳሌ በቅርብ እንይ። ለኤዲኤም-3ኤ ተርሚናል የተዘጋጀ ፕሮግራም ጠቋሚውን 5ኛ መስመር፣ 10ኛ ዓምድ ላይ ማድረግ ሲፈልግ (ከዜሮ ሲቆጠር) አራት ባይት ይልካል፦ 27፣ 61፣ ከዚያ 5 ሲደመር 32፣ ከዚያ 10 ሲደመር 32። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ 37 እና 42 ናቸው፣ ማለትም የመቶኛ ምልክትና ኮከብ። የዛሬ ኢሙሌተሮች ግን ብዙዎቹ የቪቲ100 ቋንቋ ነው የሚናገሩት። ለቪቲ100 "27፣ 61" ሌላ ትርጉም አለው፦ የቁጥር ኪፓዱን ሞድ ቀይር። ስለዚህ ሁለቱን ይውጣቸዋል፣ የቀሩትን ሁለት ደግሞ እንደ ተራ ጽሑፍ ያትማቸዋል፦ %*

ስክሪንዎ ላይ እንዲህ ያሉ ጥንድ ምልክቶች ከጽሑፉ ጋር ተደባልቀው ካዩ፣ በዚያ ላይ የቁጥር ኪፓዱ ቁጥር መጻፍ ካቆመ፣ ምክንያቱን ሌላ ቦታ አይፈልጉ። በተቃራኒው የአራት ማዕዘን ቅንፍ ([)፣ ቁጥርና ነጠላ ሰረዝ ከነነጥቧ (;) የሚደረደሩ ከሆነ ፕሮግራሙ ለቪቲ100 ተዘጋጅቶ ተርሚናሉ ሌላ ነው።

ማስተካከያው በፕሮግራሙ በኩል ነው። ተርቦ ፓስካል ከ"ቲኢንስት" ጋር ይመጣል፤ እሱን ከፍተው ከተርሚናሎቹ ዝርዝር አንሲን (የቪቲ100 ዓይነቱን) ይምረጡ። ዎርድስታርም የራሱ የመጫኛ ፕሮግራም አለው። የሚፈልጉት ተርሚናል ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ኢሙሌተሩን ወደ ፕሮግራሙ ማስጠጋት ይሻላል፦ 22ናይስን የመሳሰሉት የተርሚናል ዓይነት ያስመርጣሉ።

የቀስት ቁልፎች ዎርድስታር ውስጥ ካልሠሩ ግን አይጨነቁ፣ ድሮም በሁሉም ተርሚናል ላይ አልነበሩም። ኮንትሮል ከኤስ ወደ ግራ፣ ከዲ ወደ ቀኝ፣ ከኢ ወደ ላይ፣ ከኤክስ ወደ ታች ይወስዳል። ኪቦርዱ ላይ አራቱ ቁልፎች የአልማዝ ቅርጽ ይዘው ስለተቀመጡ ጣት ቶሎ ይለምደዋል።

ጽሑፌን ወደ ዛሬው ኮምፒውተር ስገለብጠው መጨረሻው ላይ ቆሻሻ አለ፣ በየቃሉ መጨረሻም እንግዳ ፊደል ይታያል።

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሲፒኤም 2.2 የፋይልን መጠን በባይት አይመዘግብም፣ በ128 ባይት ክፍሎች ነው የሚቆጥረው። የጽሑፉ ትክክለኛ መጨረሻ ባይት 26 ያለበት ቦታ ነው፤ ከእሱ በኋላ ያለው እስከ 128 መሙያ ሲሆን ድሮ ሜሞሪ ውስጥ የነበረ ማንኛውም ነገር ሊሆን ይችላል። ከ26 ጀምሮ ያለውን ይቁረጡት።

ሁለተኛው የዎርድስታር ጠባይ ነው። በዶክመንት ሞድ ሲጽፉ የብዙ ቃላትን የመጨረሻ ፊደል ስምንተኛ ቢት ያበራል፣ ማለትም በፊደሉ ላይ 128 ይደምራል። ከ127 የሚበልጠውን ባይት ሁሉ 128 ቢቀንሱለት ጽሑፉ ይጠራል። የፕሮግራም ኮድ በዎርድስታር የሚጽፉ ከሆነ ከመጀመሪያው የዶክመንት ያልሆነውን ሞድ ይክፈቱ።

የዲስክ መሣሪያዎች፣ ለምሳሌ ሴክተር ማረሚያ ወይም ፎርማት ማድረጊያ፣ በረንሲፒኤም አይሠሩም።

አይሠሩም፣ አይጠበቅምም። እነዚህ ባዮሱን በቀጥታ ጠርተው ትራክና ሴክተር ይጠይቃሉ፤ ፎልደር ደግሞ ትራክ የለውም። ለእነሱ ሲምኤችን ይጠቀሙ። እዚያ "አር" የሚለው ትእዛዝ ከኮምፒውተርዎ ፋይል ወደ ሲፒኤሙ ያስገባል፣ "ደብልዩ" ያወጣል፣ ኮንትሮል-ኢ ወደ ሲሙሌተሩ መጠየቂያ ይመልስዎታል። የዲስክ ምስል በመሃል ከቀየሩ መጠየቂያው ላይ ኮንትሮል-ሲ ይጫኑ፤ ካልጫኑ ሲፒኤም 2.2 የተቀየረውን ዲስክ "ለንባብ ብቻ" አድርጎ ይይዘውና ሲጽፉ ይከለክላል።

የሲፒኤም-86 እና የሲፒኤም 3 ፕሮግራሞችስ?

ሲፒኤም-86 ሌላ ነገር ነው፦ ለ8086 የተጻፈ፣ ቅጥያው "ሲኤምዲ"። እዚህ የተጠቀሱት ኢሙሌተሮች ለእሱ አይደሉም። ሲፒኤም 3 በ8080 እና በዜድ80 ላይ ነው፣ ግን 2.2 የማያውቃቸው የአገልግሎት ቁጥሮች አሉት። ሥሪቱን በአገልግሎት 12 መጠየቅ ይቻላል፤ 2.2 ከሆነ 34 ይመልሳል፣ 3.1 ከሆነ 49።

የድሮ ፍሎፒ አለኝ። ፒሲ ላይ ማንበብ እችላለሁ?

አንድ የሲፒኤም ፍሎፒ ፎርማት የለም፣ ችግሩም እሱ ነው። የጋራ መለኪያ የነበረው ባለ 8 ኢንቹ ብቻ ነው፦ 77 ትራክ፣ በትራክ 26 ሴክተር፣ በሴክተር 128 ባይት። በ5.25 ኢንቹ ላይ ሁሉም በየፊናው ሄደ። ኦስቦርን 1 የሚባለው ኮምፒውተር በ40 ትራክ፣ 10 ሴክተር፣ 256 ባይት፣ በነጠላ ዴንሲቲ (በድሮው ያልተጠጋጋ አጻጻፍ) ይጽፋል፤ ብዙ የፒሲ የፍሎፒ ኮንትሮለሮች ነጠላ ዴንሲቲ ማንበብ አይችሉም። ካይፕሮ 2 የሚባለው ኮምፒውተር በድርብ ዴንሲቲ 10 ሴክተር በ512 ባይት ስለሆነ ይቀላል። ማይክሮሶፍት በ1980 ያወጣው የሶፍትካርድ ዜድ80 ካርድ ገብቶበት በአፕል 2 ላይ የተጻፈ ዲስክ ግን አጻጻፉ ራሱ ስለሚለይ በተራ የፒሲ ድራይቭ አይነበብም።

ዶስ ማሽን ላይ 22ዲስክ ብዙ ፎርማት ያውቃል። ዛሬ የሚመከረው ግን ግሪስዊዝል በሚባለው የዩኤስቢ ቦርድ ዲስኩን እንዳለ ቀድቶ ከምስሉ ላይ መሥራት ነው። ከመጀመርዎ በፊት መጻፍን ይከልክሉ፣ እዚህ ላይም ይጠንቀቁ፦ በ5.25 ኢንቹ የጎን ቁራጩን በፕላስተር ሲሸፍኑት ይከለከላል፤ በ8 ኢንቹ ተቃራኒው ነው፣ ቁራጩ ክፍት ሲሆን ነው የሚከለከለው።

ከምስሉ ፋይል ለማውጣት ሲፒኤምቱልስ ጥሩ ነው፣ ትክክለኛውን ፎርማት ከነገሩት። የፋይል ስሞች እየታዩ ይዘታቸው ከተቆራረጠ የሴክተሩ ቅደም ተከተል ተሳስቷል ማለት ነው። በ8 ኢንቹ ላይ ሴክተሮቹ የሚነበቡት 1፣ 7፣ 13፣ 19፣ 25፣ 5 እያሉ በ6 እየዘለሉ ነው። አንድ የስም መዝገብ 32 ባይት ስለሆነ በአንድ ሴክተር አራት ሙሉ ስም ይገባል፤ ቅደም ተከተሉ ቢዛባም ስሙ አይቆረጥም፣ ፋይሉ ግን በየ128 ባይቱ ይበታተናል።

ማውረድ ሕጋዊ ነው?

ሲፒኤም ራሱ፣ አዎ። ዲጂታል ሪሰርች በ1991 ወደ ኖቬል፣ ንብረቱ በ1996 ወደ ካልዴራ ዞረ። በ2001 የተሰጠው ፈቃድ ለአንድ ድረ ገጽ ብቻ ይመስል ስለነበር በ2022 የዲአርዶስ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ብራያን ስፓርክስ ማንም ሊጠቀምበት፣ ሊያሻሽለውና ሊያሰራጨው እንደሚችል በግልጽ አስታውቀዋል። ይህ ግን ሌሎች ድርጅቶች የሠሯቸውን ዎርድስታርን፣ ዲቤዝን ወይም ኤምቤዚክን አይጨምርም።

በዎርድስታር አማርኛ መጻፍ ይቻላል?

የዛሬው ተርሚናል የግዕዝ ፊደል ስለሚያሳይ የሚቻል ይመስላል፣ ግን አይቻልም። "ሀ" በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው፦ 225፣ 136፣ 128። ዎርድስታር ስምንተኛውን ቢት ለራሱ ሥራ ስለያዘው ከእያንዳንዱ 128 ሲነሳ 97፣ 8 እና 0 ይቀራል። የመጀመሪያው ትንሿ የላቲን "ኤ" ናት፣ ሁለተኛው አንድ ፊደል ወደ ኋላ መመለሻ፣ ሦስተኛው ባዶ። አማርኛ ያለበትን ፋይል በሲፒኤም ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ግን ይቻላል፤ ባይቶቹን ሳይነካ የሚገለብጠው "ፒፕ" ነው፣ ለዚያም በትእዛዙ መጨረሻ በአራት ማዕዘን ቅንፍ ([ ]) ውስጥ የ"ኦ" ምርጫን ይጨምሩ። ካልጨመሩ ፋይሎችን ሲያያይዝ ባይት 26 ባገኘበት ይቆርጣል።